ሳይጠሩት አቤት፦ በኦፕን ሶርስ ፓኬጆች ውስጥ አጸያፊ ይዘት ሲገኝ

(ለፓኬጅ፣ ማለትም ለመጫን ተዘጋጅቶ ለታሸገ ሶፍትዌር፣ አዘጋጆች ስብሰባ የቀረበ ንግግር። ከጥቃቅን እርማት በቀር እንደተነገረ የተጻፈ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ጥሩ፣ እንግዲያው እንጀምር።

የዛሬው ርዕስ ሰው በአደባባይ ለማውራት የሚያፍርበት ነው። ስለ ጸያፍ ነገር ነው የምናወራው። ግን አይዟችሁ፣ አንድም ጸያፍ ቃል ከአፌ አይወጣም። ይሄንን ራሱ ከአሁኑ ያዙልኝ፤ ስለ ችግሩ ስትጽፉ፣ ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) መልእክት ላይም ሆነ የለውጥ ዝርዝር ላይ፣ ቃሉን መልሳችሁ መጥራት አያስፈልጋችሁም። ፋይሉንና የመስመር ቁጥሩን መጥቀስ ይበቃል። ዓመቶቹን ደግሞ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ተርሚናል ሲከፈት ጥቅስ የሚያወጣውን ፎርቹንን የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። በፊደል የተሣለች ላም የምታናግረውን ካውሴይስ? እሺ፣ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እንግዲህ አንድ ሰው ፎርቹንን የተርሚናል መክፈቻ ስክሪፕቱ ውስጥ አስገብቷል እንበል። ስብሰባ ላይ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተር ጋር አገናኝቶ ተርሚናል ከፈተ። ግድግዳውን የሚያክል የዘር ስድብ ወጣ። ጥፋተኛው ማን ነው? ጥቅሱን የጻፈው? ፓኬጁን ያዘጋጀው? ወይስ ተርሚናል ከመክፈት በቀር ምንም ያላደረገው?

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባለው እንዲህ ያለው ነገር ነው። እኛ ፓኬጅ አዘጋጆች ሥራችን ያለው እዚሁ ላይ ነው። አንድ ይዘት ላይ እጃችንን ከማንሳታችን በፊት ሁለት ጥያቄ እንጠይቃለን። ሳይጠራው ማን ፊት ይመጣል? ማንስ ተደግፎበታል? የመጀመሪያው ምን ያህል እንደሚያጣድፍ ይነግራችኋል። ሁለተኛው ምን ያህል እንደሚያስቸግር ይነግራችኋል። ሰው ግን ሁልጊዜ የሚጀምረው «በእርግጥ አጸያፊ ነው ወይ?» ከሚለው ነው፤ እሱ ክርክር ወር ይፈጃል፣ ሲያልቅም ምን እንደሚሠራ አይናገርም።

አጸያፊ ይዘት የሚገኝባቸውን አራት ቦታዎች በየተራ እናያለን። አንደኛ ዳታ፣ ሁለተኛ ኮሜንትና መልእክት፣ ሦስተኛ ስም፣ አራተኛ ፕሮግራም ከፕሮግራም የሚነጋገርበት ቋንቋ። ከዚያ አቤቱታ ሲመጣ ምን እንደምናደርግ አንስተን እንጨርሳለን።

አንደኛ፣ ዳታ። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ታገሱኝ።

ፎርቹን ለዚህ ችግር ከጥንት ጀምሮ መፍትሔ አለው። አስቀያሚዎቹ ጥቅሶች «ኦፍ» በሚባል ፎልደር ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ትእዛዙን እንዲሁ ብትጽፉት ከዚያ ፎልደር ምንም አይወጣም። ሰረዝ ኦ ብትጨምሩበት ከእነሱ ብቻ፣ ሰረዝ ኤ ብትጨምሩበት ከሁሉም ያወጣል። የሚመጣው ተጠርቶ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ጽሑፉ በሮት 13 ተገልብጦ ነው የሚቀመጠው። የላቲን ፊደል 26 ነው፤ እያንዳንዱን 13 ቦታ ትገፉታላችሁ፣ አሁንም 13 ስትገፉት ወደነበረበት ይመለሳል። ምስጢር አይጠብቅም፣ መጋረጃ ነው። ሶርሱን፣ የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ፣ ሌላ ነገር ፍለጋ የሚያገላብጥ ሰው ዓይን ላይ ድንገት እንዳይወድቅ ብቻ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ሮት 13 ከላቲን ሌላ ፊደል አያውቅም። በእኛ ፊደል የተጻፈ ስድብ ብታሳልፉበት በሌላ ጫፍ እንዳለ ይወጣል። በአማርኛ የጥቅስ ፋይል የምታዘጋጁ ካላችሁ መጋረጃው እንደሌለ ቁጠሩት።

አንድ ሰው አንድ መጥፎ ጥቅስ አገኘና ሊያወጣው ፈለገ እንበል። ፋይሉን ከፈተ፣ በፐርሰንት ምልክት መካከል ያለውን ጽሑፍ ሰረዘ፣ አስቀመጠ፣ ሄደ። ምን ይሆናል? ፎርቹን ጥቅሶቹን የሚያገኘው ከጎን ባለ የዳት ፋይል ነው፤ እያንዳንዱ ጥቅስ ከስንተኛው ባይት እንደሚጀምር የተመዘገበው እዚያ ነው። ጽሑፉ አጥሮ መዝገቡ እንደነበረ ከቀረ፣ ከተሰረዘው በኋላ ያሉት ጥቅሶች ሁሉ ከወገባቸው ተቆርጠው ይወጣሉ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ስትርፋይል የሚባለውን ትእዛዝ እንደገና ማስኬድ ግድ ነው። የተገለበጠ ፋይል ከሆነ ደግሞ ሰረዝ ኤክስ ይጨመርበታል። ያ ምልክት ከተረሳ ተጠቃሚው የሚያየው የማይነበብ የፊደል ጉድፍ ነው።

አሁን ይሄንኑ ወደ ፓኬጅ እንውሰደው። የዴቢያንን፣ የታወቀውን የሊኑክስ ስርጭት፣ አሠራር ልጠቀም። ፓኬጃችን «ቀልድ» ይባል፤ ውስጡ አንድ የማይሆን ፋይል አለ። ፓኬጆቹ የሚዘረዘሩበት ኮንትሮል ፋይል ላይ «ቀልድ-ኦፍ» የሚል ሁለተኛ ፓኬጅ ትጨምራላችሁ፣ ፋይሉንም ወደዚያ ታዛውሩታላችሁ። ካውሴይም እንዲሁ ነው የተደረገው፤ ነውረኞቹ ሥዕሎች ካውሴይ-ኦፍ ወደሚባል ፓኬጅ ወጥተዋል። ቀላል ይመስላል አይደል? ሦስት ቦታ ላይ ይሰናከላል።

የመጀመሪያው መሰናክል የፋይል ግጭት ነው። ተጠቃሚው ማሽን ላይ ያለው አሮጌው ቀልድ 2.1-2 ነው፤ እናንተ ፋይሉን ያወጣችሁት በ2.1-3 ነው። አዲሱ ቀልድ-ኦፍ ቀድሞ ሊጫን ሲሞክር ጫኚው ዲፒኬጂ «ይሄ ፋይል የሌላ ፓኬጅ ነው» ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ቀልድ-ኦፍ ላይ ሁለት መስመር ይጻፋል፤ ብሬክስም (ከአሮጌው ጋር አብሮ አይሆንም) ሪፕሌስስም (ፋይሉን ይረከባል)፣ ሁለቱም ከ2.1-3 በታች ያለውን ቀልድ ጠቅሰው። ሁለቱም! ብዙ ሰው አንዱን ጽፎ ሌላውን ይረሳል።

ሁለተኛው ይሄ ነው፦ ዋናው ፓኬጅ አዲሱን በሪኮመንድስ እንዳይጠራው። ፓኬጅ አውራጁ አፕት በዲፎልቱ ሪኮመንድስ የተባለውን ሁሉ አብሮ ይጭናል። እናንተ ለየሁት ብላችሁ ተኝታችኋል፣ እሱ ግን በጓሮ በር ገብቷል። ከመጠቆም አልፎ የማያስጭነው ሰጀስትስ ይበቃል፤ እንዲያውም ምንም አለመጥቀስም ይቻላል። ሌሎች ስብስብ ፓኬጆችም እንዳይጎትቱት በአፕት-ካሽ አርዲፔንድስ ማን እንደሚጠራው አረጋግጡ።

ሦስተኛው መግለጫው ነው። ምን እንዳለበት በግልጽ ይጻፍ፦ የዘር ስድብ፣ የወሲብ ቀልድ፣ በሃይማኖት ላይ ማላገጥ። «አንዳንዶችን ሊያስከፋ ይችላል» የምትለዋ ሐረግ ምንም አትናገርም። ናሙና ግን አትጥቀሱ፤ መግለጫው የፍለጋ ውጤት ላይ ይወጣልና መልሳችሁ ሳይጠሩት አቤት አደረጋችሁት።

ከሶርሱም ጭምር መውጣት ካለበትስ? ፓች፣ ማለትም የለውጥ ፋይል፣ ጽፎ መሰረዝ አይበቃም። ዋናው ታርቦል (ሶርሱ የታሸገበት ፋይል) እንዳለ ይሰራጫል፤ ፓቹ ራሱም ያንኑ ጽሑፍ የመቀነስ ምልክት ለጥፎበት ይደግመዋል። ኮፒራይት ፋይሉ ላይ ፋይልስ-ኤክስክሉድድ በሚለው ሥር ፋይሉን ትጠቅሱታላችሁ፤ ዩስካን አዲሱን ታርቦል ሲያወርድ እሱን አውጥቶ ያሽገዋል፣ ቨርዥኑም ላይ ፕላስ ዲኤስ ይቀጠላል። ከዚያ በኋላ ቢልድ ስክሪፕቱ የወጣውን ፋይል ፈልጎ እንዳይወድቅ መሞከር አትርሱ።

ፍሪቢኤስዲ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በ2017 ከዚህ ሁሉ ገላግሉኝ አለ። የፎርቹን ጥቅሶቹን አስወጣና የሥርዓቱን አጠቃቀም የሚያስተምሩትን ጥቆማዎች ብቻ አስቀረ። ሲጨንቀው ሁሉን ጣለ የሚል አለ። እኔ ተገቢ ውሳኔ ይመስለኛል። የጥቅስ ስብስብ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ሥራ አይደለም፤ የሚከታተለው ሰው የሌለውን ዳታ ይዞ መኖርም ዕዳ ነው።

መዝገበ ቃላት ግን ሌላ ነው። የፊደል ማረሚያ ዳታ ውስጥ ስድብ አገኛችሁ እንበል። ትሰርዙታላችሁ? ከሰረዛችሁት የፍርድ ቤት ቃል የሚጽፍ ሰው ትክክል ጽፎ ሳለ ከሥሩ ቀይ ይሰመርበታል። ከተዋችሁት ደግሞ አንዱ ጨዋ ቃል ሲሳሳት ማረሚያው «ይሄንን ማለትህ ነው?» ብሎ ስድቡን ያቀርብለታል። የፊደል ማረሚያው ሃንስፔል ለዚህ ኖሰጀስት የሚባል መላ አለው። አፊክስ ፋይሉ ላይ ኖሰጀስት ብላችሁ አንድ ምልክት ትመርጣላችሁ፤ የአሜሪካን እንግሊዝኛው ቃለ አጋኖን ይጠቀማል። ከዚያ በቃላት ዝርዝሩ ላይ ከቃሉ ቀጥሎ እዝባርና ያንን ምልክት ታስቀምጣላችሁ። ቃሉ ትክክል ተብሎ ያልፋል፣ እንደ ጥቆማ ግን አይቀርብም። ሳይጠራ አይመጣም!

የይለፍ ሐረግ ማውጫ የቃላት ዝርዝርስ? በዳይስ የሚሠራው 7776 ቃል አለው፤ አምስት ስድስቶች እርስ በርስ ሲባዙ የሚገኘው ቁጥር ነው። አምስት ዳይስ ስትጥሉ እያንዳንዱ ውጤት አንድ ቃል ይዞ ይጠብቃል። አሥር መጥፎ ቃል ሰርዛችሁ ከተዋችሁት አሥር ውጤት ባዶ ይሆናል። በሰረዛችሁት ቁጥር ልክ ተኩ። ዝርዝሩ ውስጥ አስቀድሞ ያለ ቃል እንዳይደገምም አረጋግጡ፤ ቃል በተደገመ ቁጥር የይለፍ ሐረጉ ይዳከማል።

ፕሮግራማችሁ መለያ ኮድ በዘፈቀደ የሚያመነጭ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ስድብ ያመነጫል፤ ጥያቄው መቼ የሚለው ብቻ ነው። የስድብ ዝርዝር ይዞ ከማሳደድ ይልቅ አምስቱን የእንግሊዝኛ አናባቢዎች ከፊደል ገበታው ማውጣት ይቀላል። 36 የነበረው ምልክት 31 ይሆናል። ስምንት ቦታ የነበረውን ኮድ ዘጠኝ ብታደርጉት ከበፊቱ የበለጠ ብዛት ታገኛላችሁ። ዜሮን እንደ ኦ፣ አንድን እንደ አይ የሚያነብ ሰው ስላለ ዜሮንና አንድንም ብታወጡ ጥሩ ነው። ቁጥር ስድብ ሊሆን እንደሚችል ቆይቼ አሳያችኋለሁ።

ሥዕልም ዳታ ነው። ሌና የሚባለው የሙከራ ፎቶ በ1973 ከአንድ የወንዶች መጽሔት ላይ ተቆርጦ ስካን የተደረገ ነው፤ 512 በ512 ፒክስል። ለአሥርተ ዓመታት የምስል ሶፍትዌር ሁሉ መፈተኛ ነበር። የፓይተን የሳይንስ ላይብረሪ የሆነው ሳይፓይ በ0.17 ቨርዥን፣ በ2016፣ አወጣው፤ ያቀረበው ምክንያት የፈቃድ ጉዳይ ነው። የኢንጂነሮች ማኅበር የሆነው የአይትሪፕልኢ ኮምፒውተር ሶሳይቲ ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ ፎቶው ያለበትን ጽሑፍ አልቀበልም ብሏል። ቴስት ውስጥ ያለ ሥዕል ግን በአንድ ጊዜ አይነቀልም። ለምን? ቴስቱ የሚጠብቀው ቁጥር ከዚያ ሥዕል ፒክስል የወጣ ነዋ! ሥዕሉን ስትቀይሩ የሚጠበቁት ቁጥሮች ሁሉ ይወድቃሉ። በአንድ ኮሚት ሥዕሉንና ቁጥሮቹን አብራችሁ ከቀየራችሁ ደግሞ አልጎሪዝሙ ራሱ ተበላሽቶ ቢሆን አታውቁም። ስለዚህ መጀመሪያ አዲሱን ሥዕል ከአሮጌው ጎን ጨምሩ፤ ኮዱን ሳትነኩ ሁለቱም ይለፉ። ከዚያ አሮጌውን አውጡ። ከተቻለ ደግሞ የሰው ፎቶ ከመፈለግ ሥዕሉን በኮድ አመንጩት፤ የቼዝ ሰሌዳ፣ ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሄድ ጥላ፣ መነሻ ቁጥሩ የታወቀ የዘፈቀደ ነጠብጣብ።

ዳታን ሳልጨርስ ስለ ማጣሪያ አንድ ነገር ልበል። «የስድብ ዝርዝር ይዤ በጽሑፍ መፈለጊያው በግሬፕ ልፈልግ፣ ያገኘሁትን ልተካ» የሚል ሰው አይጠፋም። መፈለጉ ጥሩ ነው፤ መተካቱን ግን ለማሽን አትስጡ። በእንግሊዝኛው «ክላሲክ» ውስጥ ያሉ ሦስት ፊደሎች ለብቻቸው ሲነበቡ የመቀመጫ ስድብ ናቸው። አንድ ማጣሪያ እነሱን በጨዋው ቃል ተክቶ «ክልበቲክ» የሚል ቃል ፈጥሯል፤ ዛሬ የስህተቱ ስም ራሱ ያ ነው። በ1996 የእንግሊዟ የስከንቶርፕ ከተማ ነዋሪዎች በከተማቸው ስም ውስጥ በተደበቁ አራት ፊደሎች የተነሳ ኤኦኤል ላይ መመዝገብ አልቻሉም ነበር። በአማርኛ ደግሞ ይብሳል። አንዱን ቃል በሀ፣ በሐ፣ በኀ፣ በሰና በሠ መጻፍ ይቻላል፤ «የ»፣ «ለ»፣ «በ» ከፊት፣ «ኦች»፣ «ውን» ከኋላ ይጣበቁበታል። የቃል ድንበር ብላችሁ ብትፈልጉ ያመልጣችኋል፤ ድንበሩን ብትተዉት ንጹሑን ቃል ሁሉ ታስራላችሁ። ማሽኑ ይጠቁም፣ ሰው ይወስን።

ሁለተኛ፣ ኮሜንትና መልእክት። ኮሜንቱ፣ ማለትም ፕሮግራመሩ ኮዱ ውስጥ የሚተወው ማስታወሻ፣ አጭር ነው። ተጠቃሚ አያየውም፣ ማንም አልተደገፈበትም፣ ስለዚህ ቀላል ነው፤ አስተካክሉት፣ እለፉ። በ2018 መጨረሻ ላይ ሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ያለውን አንድ ጸያፍ ቃል በየኮሜንቱ «ማቀፍ» በሚለው ቃል የሚተካ ፓች ቀርቦ ነበር። ውጤቱን መገመት ትችላላችሁ፤ ዓረፍተ ነገሮቹ ትርጉም አጡና መሳለቂያ ሆነ። ተሳዳቢው ኮሜንት ብዙ ጊዜ መረጃ አዝሏል። «ይሄ እንትን ቺፕ መጀመሪያ ሲያነቡት ዜሮ ይሰጣል» ከሚለው ስድቡን ጣሉት፣ ዜሮውን ግን አትጣሉ፦ «ቺፑ በመጀመሪያው ንባብ ዜሮ ስለሚመልስ ሁለት ጊዜ ይነበብ።»

የስህተት መልእክት ግን ተጠቃሚው ፊት ይወጣል። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። የፕሮግራም መልእክትን ለማስተርጎም በሚያገለግለው በጌትቴክስት አሠራር ዋናውን የእንግሊዝኛ መልእክት በአንድ ቃል ብትቀይሩ፣ የሁሉም ቋንቋ ትርጉም «ፈዚ» (ያልተረጋገጠ) ተብሎ ይታገዳል፣ ተጠቃሚው በቋንቋው ያይ የነበረው መልእክት ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳል። ስለዚህ ከመልቀቂያው ቀን ቀደም ብላችሁ ቀይሩ፣ ለተርጓሚዎቹም ጊዜ ስጡ። ሌላም አለ፤ አጸያፊው ነገር እናንተ በማታነቡት ቋንቋ የትርጉም ፋይል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ያንን ቋንቋ የሚያነብ ሁለተኛ ሰው ሳያየው ትርጉም አትቀበሉ።

ሦስተኛ፣ ስም። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ ሶፍትዌር ላይ ግን መልአኩ ብዙ ጊዜ የሌሊት ቀልድ የያዘው ጎረምሳ ነው። ስም ከፎልደር ይለያል፣ መሸሸጊያ የለውም። ፍለጋ ላይ፣ የሥራ ሪፖርት ላይ፣ የተማሪ መመሪያ ላይ ይወጣል። ከድረ ገጾች መረጃ የሚያመጣው ዌቡብ የሚባለው ፕሮጀክት ስሙም፣ ውስጡ ያሉት የአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ስምም በሴት አካል ላይ የተሠራ ሰምና ወርቅ ነበር። ወርቁ ቶሎ ነው የሚገኘው። በ2018 ዴቢያን ውስጥ ብዙ ክርክር አስነሳ፤ በ2021 ፕሮጀክቱ ራሱ ዉብ ተባለ። የሒሳብ ማረጋገጫው ኮክ በፈረንሳይኛ አውራ ዶሮ ነው፣ በእንግሊዝኛ ሲጠራ ግን ሌላ ነገር ይሰማል፤ በማርች 2025 በወጣው 9.0 ቨርዥን ሮክ ሆነ። የምስል ማስተካከያው ጂምፕ ስሙ በእንግሊዝኛ አካል ጉዳተኛን መስደቢያ ነው፤ ግን አልቀየረውም። በ2019 ግሊምፕስ የሚባል ፎርክ (ከዋናው ኮድ ተገንጥሎ የወጣ ቅጂ) በዚሁ ሰበብ ወጣ፣ በ2021 ሥራው ቆመ። ስም ለመቀየር ብሎ ፎርክ ማድረግ ሙሉ ፕሮግራም ለብቻ መሸከም ነው፤ እኔ አልመክርም።

የምትቀይሩ ከሆነ አሮጌውን ስም በፍጹም ባዶ አትተዉት። የፓይተን ፓኬጆች ማከማቻ በሆነው ፓይፓይ ላይ ፕሮጀክት ከተሰረዘ ስሙን ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል፤ አሮጌውን ስም የሚጠሩ ስክሪፕቶች ሁሉ የዚያን ሰው ኮድ ይጭናሉ። ጸያፍ ስም እናጥፋ ብላችሁ ለሌባ ቁልፍ አቀበላችሁ። በጃቫስክሪፕት ማከማቻው በኤንፒኤም ዲፕሪኬት የሚለው ትእዛዝ አዲሱን ስም የሚጠቁም ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ እሱን ተጠቀሙ። በዴቢያን አሮጌው ስም ለጡረታ የወጡ ፓኬጆች በሚቀመጡበት ኦልድሊብስ ክፍል ውስጥ ባዶ ፓኬጅ ሆኖ አዲሱን ይጠራል። የትእዛዙ አሮጌ ስምም ለተወሰነ ጊዜ ወደ አዲሱ ይምራ።

አራተኛውና አስቸጋሪው፣ ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው። ሁለተኛው ጥያቄያችን፣ ማን ተደግፎበታል የሚለው፣ እዚህ ነው የሚመዝነው። በ2012 ሊኑክስ ከርነል ውስጥ አንዱን ኮምፒውተር እንደ ብዙ ኮምፒውተር የሚያሠራው የማይክሮሶፍት ሃይፐር-ቪ ኮድ ላይ አንድ ቁጥር ተገኘ፦ በ16 መሠረት ቢ16ቢ00ቢ5። ቁጥር ነው፤ እንደ እንግሊዝኛ ፊደል ሲነበብ ግን ስለ ሴት ጡት የተጻፈ የልጅ ቀልድ ነው። ታዲያ ለምን ወዲያው አልተቀየረም? ቁጥሩ በላዩ የሚሠራው እንግዳ ሲስተም ለአስተናጋጁ፣ ለሃይፐርቫይዘሩ፣ ማንነቱን የሚነግርበት መታወቂያ ነበርና፤ በሌላኛው በኩል የሚያነበው አለ። መጀመሪያ የተደረገው በአሥር መሠረት 2976579765 ብሎ መጻፍ ነበር። ማሽኑ የሚያየው ያው ነው፣ የሰው ዓይን ግን ዐረፈ። ይሄ መላ ለጊዜው አይናቅም።

የዳታ ማከማቻው ሬዲስ በ2018፣ በ5 ቨርዥን፣ «ስሌቭኦፍ» (ስሌቭ ማለት ባሪያ ነው) የሚለውን ትእዛዝ ወደ «ሬፕሊካኦፍ» (ሬፕሊካ ማለት ቅጂ ነው) ቀየረ። አሮጌው ግን መሥራቱን አላቆመም። ኢንፎ የሚለውን ትእዛዝ ስትጽፉ የሚመጣው መልስ ላይ አሮጌው ቃል አለ፤ የመከታተያ ፕሮግራሞች ያንን መስመር በቃል ፈልገው ነው የሚያነቡት። ከዚህ ሁለት ነገር እንውሰድ። ሰው የሚጽፈውን ትእዛዝ በቅጽል ስም ማለስለስ ቀላል ነው፤ አዲሱን ጨምሩ፣ አሮጌውን አቆዩ። ማሽን የሚያነበውን መልስ ግን ሁለት አድርጋችሁ ማቆየት ከባድ ነው፤ አዲስ መስመር ከአሮጌው ጎን ጨምራችሁ፣ አሮጌውን እስከ ቀጣዩ ዋና ቨርዥን ድረስ ታቆዩታላችሁ። ኮንፊገሬሽን ፋይል ላይ ደግሞ፦ ሁለቱንም አንብቡ፣ አዲሱን ብቻ ጻፉ፣ ሁለቱም ከተገኙ የትኛው እንደሚያሸንፍ አሁኑኑ ወስኑ።

የኮድ ታሪክ የሚይዘው ጊት በ2.28 ቨርዥን ላይ ያደረገው ደስ ይለኛል። «ማስተር» (ጌታ) ይባል የነበረውን የመጀመሪያውን ብራንች፣ ማለትም የሥራ ቅርንጫፍ፣ ስም ተጠቃሚው ራሱ እንዲመርጥ ኢኒት.ዲፎልትብራንች የሚባል ቅንብር ጨመረ፤ የማንንም ሪፖዚተሪ (የኮድ ማኅደር) አልነካም።

አሁን አቤቱታ። አንድ ሰው «ይሄ ፓኬጃችሁ ነውር አለበት» ብሎ ጻፈ። ምን ታደርጋላችሁ? በአንድ ቀን ውስጥ «ደርሶናል» በሉ። ፋይሉን፣ መስመሩን፣ ቨርዥኑን ጠይቁ። ከዋናው ፕሮጀክት የመጣ ነው ወይስ እናንተ የጨመራችሁት? ከዋናው ከሆነ ፓቹን ወደዚያ ላኩ፤ ለብቻችሁ የተሸከማችሁት ፓች በየቨርዥኑ ይከተላችኋል። ክሩ ላይ «ሰውዬው መከፋት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም?» የሚል ክርክር ሲጀመር ዝጉት። ውሳኔውን ከነምክንያቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ሪፖዚተሪው ውስጥ አስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ያንኑ ይዞ ይመጣል።

የሚያስቀይምና ሕግ የሚከለክል ግን አንድ አይደሉም። የሰው የግል መረጃ ወይም በሕግ የተከለከለ ምስል ከሆነ ክርክር የለም፤ ወዲያው ከስርጭት ይወጣል፣ ጉዳዩም በይፋ ሳይሆን በዝግ መስመር ይያዛል። እዚህ ላይ ብቻ ነው የጊት ታሪክን ፊልተር-ሪፖ በሚባለው መሣሪያ እንደገና መጻፍ የሚያስፈልገው። ለተራ ስድብ አታድርጉት። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ታሪኩን ስትጽፉት ከዚያ ኮሚት ወዲህ ያለው መለያ ቁጥር ሁሉ ይቀየራል፣ የተፈረሙት ታጎች ፊርማቸው ይፈርሳል፣ ፎርክ ያደረገው ሁሉ አሮጌው ቅጂ በእጁ ነው፤ በማግስቱም አንዱ ሳያውቅ መልሶ ይልከዋል። ለስድብ ከሆነ ከአሁኑ ቨርዥን አውጥታችሁ አዲስ መልቀቅ ይበቃል።

ጨርሻለሁ። ማይክሮፎኑ ከበሩ አጠገብ ነው፤ ፓኬጃችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ የፋይል ዝርዝሩን እዚህ ስክሪን ላይ ከፍተን አብረን እናየዋለን። ፕሮጀክተሩን ግን መጀመሪያ እናጥፋው።